እሺ የምትለዋ ሰው

ይድረስ ለእትዬ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጉልበትሽን እጠይቃለሁ። ደረጃ ስትወጪ አሁንም ግድግዳ ትደገፊያለሽ ወይስ ሻል አለሽ? ያ ደረቅ ሳልስ ለቀቀሽ? የኔን ጤና ከጠየቅሽኝ ከግራ አውራ ጣቴ በቀር ሁሉ ነገሬ ደህና ነው። ጣቴን የወጋሁት በገዛ መርፌዬ ስለሆነ የምከሰው ሰው የለም። ጎረቤቱ በሙሉ ሰላም ብሎሻል። ፊት ለፊታችን ያለው ቁልፍ ቀራጭ ጥርሱን አስተክሎ ሳቅ አብዝቷል፤ ስንት ዓመት በከንፈሩ ሸፍኖ ያስቀመጠውን ሁሉ አሁን እያወጣው ነው።

የምጽፍልሽ ስለ ክሱ ነው። የምታውቂውንም ጭምር ደግሜ ብጽፈው አትታዘቢኝ። አባባ አሮጌ ወንበር ሲፈታ «መጨረሻ የተመታው ሚስማር መጀመሪያ ይነቀላል» ይል ነበር። እኔ መጨረሻ የተመታውን መንቀል አቅቶኝ ሰንብቻለሁ፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ልነሳ።

አባባ ሲሞት ቤቱ ለሦስታችን ቀረ። ታች ሶፋ ማደሻው፣ ከኋላው ስፖንጅና ሞላ የምናከማችበት ጓዳ፣ ላይ ሁለት ክፍል። አንቺ ለቀስተኛው ገና ሳይበተን «እኔ ባልም ቤትም አለኝ፤ ድርሻዬን ትቼዋለሁ፤ እናንተ ተስማሙ» አልሽ። የሰማ ሁሉ መረቀሽ። ጩጬ ግን ምንም አላለም። ታናሻችን መቼም ራሱ ተመልጦ፣ ሆዱ መሪ እየነካ እንኳ ጩጬ መባል አልቀረለትም። እሱ መኪና መንዳት ማስተማሩን ቀጠለ፣ እኔ መዶሻዬን አነሳሁ፣ አንቺም ወደ ከተማሽ ተመለስሽ። ያልተከፋፈለ ቤት ሰላም ያለው ቤት መስሎኝ ኖርኩ።

መጥሪያው የመጣ ዕለት የአንድ ደንበኛ ሶፋ ሥር በጀርባዬ ተኝቼ ሞላ እያሰርኩ ነበር። የፍርድ ቤቱ መልእክተኛ ከእግሬ በቀር የሚታይ ነገር ስላጣ ለእግሬ አነበበልኝ። «ከሳሽ» ብሎ የጩጬን ስም ሲጠራ ሳቅሁ። የውርስ ቤት ይከፋፈልልኝ የሚል ክስ መሆኑን ሲነግረኝ ግን ከሶፋው ሥር መውጣት አቃተኝ። መልእክተኛው ትሁት ሰው ነው፤ ጎንበስ ብሎ «እሜቴ፣ ላግዝዎት?» አለኝ። በዚያው ዕለት ለአንቺ ጻፍኩ። አንቺም «አይዞሽ፣ ልጅ ነው፤ ሚስቱ ጎትጉታው ይሆናል። ምንም ሳታስቀሪ ሁሉን ጻፊልኝ፣ አብረን እናስብበታለን» ብለሽ መለስሽልኝ።

ምንም ሳላስቀር ጻፍኩልሽ።

ጉዳዩ ከቀጠሮ ወደ ቀጠሮ ሲንከባለል ቆይቶ፣ ምስክር ከመሰማቱ በፊት ወደ ማስማማት ጉባኤ ተመራ። ጠበቃዬ ቢሮዋ ጠርታ አስረዳችኝ። ልጅ እግር ናት፤ ስታስብ የእስክሪብቶ ክዳን ታኝካለች፣ ጠረጴዛዋ ላይ ክዳኑ የተረፈ እስክሪብቶ አላየሁም። ዳኛ ፊት ነው የምትቀርቢው፣ አለችኝ፣ ይህቺ ዳኛ ግን አትፈርድም፤ ታስማማለች። እዚያ የተባለው እዚያው ይቀራል። ካልተስማማችሁ ጉዳዩ ወደ ፈራጁ ዳኛ ይመለሳል፤ እሱ ደግሞ እንደዚህ ያለ ጠባብ ቤት ለሦስት መክፈል ስለማይችል እንዲሸጥ ያዛል። ሱቁም አብሮ ይሄዳል ማለት ነው።

«እዚያ ማን ልክ እንደሆነ የሚጠይቅሽ የለም» አለችኝ። «የምትጠየቂው ምን እንደምትፈልጊና ምን እንደምትለቂ ነው።»

የምፈልገውን ለመናገር ማሰብ አላስፈለገኝም። ሱቄን ነው የምፈልገው። ከአባባ ጎን ቆሜ ሚስማር ከማቀበል ጀምሮ ሌላ የሠራሁበት ቦታ የለም። ደንበኛ የሚያውቀው የኔን ፊት ሳይሆን ያንን ሰፊ በር ነው፤ ሶፋ ሳይገለበጥ የሚገባበት በር በዚህ ሰፈር ሌላ የለም። በዚህ ዕድሜዬ ሰው ሱቅ ጥግ ተከራይቼ፣ «ይቅርታ፣ ወንበርሽን አንሺልኝ» እየተባልኩ መሥራት አልችልም። የምለቀውን ስትጠይቀኝ ግን አፌን ያዝኩ። ለእሷ ያልነገርኩትን ለአንቺ ጽፌልሽ ነበር። ነገሩ ከከረረ ላይኛውን እለቃለሁ፣ ታች ግን ብሞትም አላስነካም ብዬሽ ነበር። ደግሞም ብዙ ጊዜ ደረጃው እየከበደኝ ጓዳ ስፖንጁ ላይ ጋደም እንዳልኩ እንደሚነጋ ጽፌልሽ፣ «እንደ ድመት» ብለሽ ስቀሽብኛል።

ጠበቃዬ ለጉባኤው የምታዘጋጀው ለየት ባለ መንገድ ነው። ተነሽና እዚህኛው ወንበር ላይ ተቀመጪ፣ አለችኝ። አንቺ አሁን ወንድምሽ ነሽ፤ እኔ ደግሞ አንቺ ነኝ። ክሰሺኝ።

መጀመሪያ አፈርኩ። ወንበሩም ሞላው ወጥቶ ይወጋል፤ ስጨርስ ላድስላት እንደሚገባኝ አሰብኩ። ቀስ በቀስ ግን የጩጬ ድምፅ አፌ ውስጥ ገባ። «አለቃ» አልኳት፤ እንደዚያ ነው የሚጠራኝ። «አለቃ፣ አባታችን ሲሞት መዶሻውን አንሥተሽ እንደ ዘውድ ጫንሽው። አንድ ቀን ና ግባ ብለሽኛል? ስመጣ እኮ የምቀመጥበት ወንበር የለም፣ ሁሉም የሰው ነው።» ጸሐፊዋ በር ላይ ቆማ ሳቀች። ጠበቃዬ አልሳቀችም። «እሺ፣ ወንድሜ፣ ምን ትፈልጋለህ ታዲያ?» ብላ ጠየቀችኝ።

እዚህ ላይ ጩጬ ከአፌ ወጥቶ ሄደ። የሚፈልገውን ፈልጌ አጣሁት። ሱቁን እንዳልል ሙጫ ሲሸተው ያስነጥሳል። መኖሪያ እንዳልል የራሱ ቤት አለው፣ ሚስቱም በዚያ ቤት መጋረጃ ትኮራለች። ቅር ያለው ነገር መኖሩን አውቃለሁ፤ ቅሬታ ግን ሰውን ፍርድ ቤት ድረስ አያስኬድም፣ ቢበዛ የበዓል ቀን ያስቀራል። ጠበቃዬ ክዳኑን ከአፏ አወጣችና፣ ተከራካሪሽ የሚፈልገውን ካላወቅሽ ገና አልተዘጋጀሽም አለችኝ።

በሳምንቱ የእነሱ ሐሳብ መጣ። ከጉባኤው በፊት እያንዳንዱ ወገን የሚስማማበትን ለሌላው ያሳውቃል። ጠበቃዬ ስታነብልኝ አንዴ እንድትደግመው ለመንኳት። ጩጬ ቤቱ ይሸጥ አላለም። ሱቁንም አልጠየቀም። የጠየቀው ላይ ያለውን የኋለኛውን ክፍል ነው፤ ያንን ባልኮኒ ያለውን። ደረጃውን የመጠቀም መብት፣ ከሰዓት በኋላ መዶሻ እንዳይመታ፣ ስለ እኔ ደግሞ «ታች ጓዳ ማደር የለመደች በመሆኗ የምትቸገርበት ነገር አይኖርም» የሚል ተጨመረበት።

እትዬ፣ ከሰዓት በኋላ ተኝቶ የማያውቅ ሰው፣ ቀኑን ሙሉ መኪና ውስጥ የሚውል ሰው፣ መዶሻ ከሰዓት በኋላ ቢመታ ምን ገዶት? ከሁሉም በላይ ግን ጓዳው። ጓዳ እንደማድር ቁልፍ ቀራጩ እንኳ አያውቅም። ጠበቃዬ ማን ያውቃል ስትለኝ፣ እህቴ ብቻ አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። እኔም ቶሎ ብዬ፣ ጩጬ ሥራ ብሎ ወደ እሷ ከተማ ይሄዳል፣ ሄዶ ደብዳቤዬን ጠረጴዛ ላይ አግኝቶ አንብቦት ይሆናል፣ የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ነው፣ እሱ ያደርገዋል አልኳት። እንዲህ ብዬ ተሟገትኩልሽ። ጠበቃ ፊት ተቀምጬ ላንቺ ጠበቃ ሆንኩ።

ከዚያ በኋላ የመጣብኝ ሐሳብ አንድ ብቻ ነበር። ዳኛዋ አንድ ጥብቅ ደንብ አላት። በጉባኤው የሚገኘው ሰው እዚያው ተቀምጦ «እሺ» ወይም «እምቢ» ማለት የሚችል መሆን አለበት። ልደውልና ልጠይቅ፣ ቤቴ ሄጄ ላማክር ብሎ ነገር የለም። ጠበቃዬ ይህን ስትነግረኝ ቀልጄባት ነበር፤ ማንን ላማክር፣ መዶሻዬን? አሁን ግን ፈራሁ። ከአንቺ ሳልማከር ትልቅ ነገር ወስኜ አላውቅም። ስለዚህ ጠበቃዬን ለመንኳት፤ እህቴ ትምጣልኝ፣ ከጎኔ ትቀመጥ፣ ባትናገርም ፊቷን ልይ። ጠበቃዬ ደንቡ ይፈቅድ እንደሆነ ልጠይቅ፣ የዚያኛውም ወገን ጠበቃ መቃወም የለበትም አለችኝ። ላንቺ ልጽፍልሽ ወረቀት ሁሉ አውጥቼ ነበር።

በማግስቱ ረፋድ ላይ አስጠራችኝ። ቢሮዋ ስገባ ቁጭ በይ አላለችኝም፤ ራሷ ቆማ ነበር የጠበቀችኝ። አፏ ውስጥ ክዳን አልነበረም።

«የዚያኛውን ጠበቃ ጠይቄዋለሁ» አለችኝ። «እህትሽ ቀድሞም ልትመጣ ነው። በእኛ በኩል ግን አይደለም።»

አልገባኝም። ደግሜ ጠየቅኋት። ረጋ ብላ አስረዳችኝ፤ ጩጬ ክሱን ከመመሥረቱ በፊት ድርሻውን በውል ለሌላ ሰው አስተላልፏል። ክሱ በስሙ ይሁን እንጂ «እሺ» ማለት አይችልም። ለዳኛዋ ደንብ ሲባል የዚያኛው ጠበቃ «እሺ» የምትለዋ ማን እንደሆነች ለመናገር ተገደደ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላስታውስም። ጠበቃዬ ውሃ እንዳመጣችልኝ፣ ውሃውን ይዤ ሳልጠጣ እንደቆየሁ፣ ያ የሚወጋው ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ አስታውሳለሁ። አላለቀስኩም። ሰው ሲደነግጥ የሚለውንም አላልኩም። «የወንበርሽን ሞላ ላድስልሽ፣ ይወጋል» ነው ያልኳት። እጇን ትከሻዬ ላይ አደረገች።

ሱቅ ተመልሼ ሥራዬን ጀመርኩ። ለአንዲት ጡረታ የወጡ ነርስ የምሸፍነው ባለ እጅ መደገፊያ ወንበር ነበረኝ፤ አበባ ያለው ጨርቅ ራሳቸው መርጠው አምጥተዋል። ሳልቆም ሠራሁ። እጄ ያውቃል፤ ወጠርኩ፣ መታሁ፣ ሰፋሁ። ነርሷ ሲመጡ ወንበሩን ዞረው ዞረው አዩትና «ልጄ፣ አበባዬ የት ገባ?» አሉኝ። ጨርቁን ከጫፍ እስከ ጫፍ በውስጡ ገልብጬ ነው የሸፈንኩት። ስፌቱ ጥርት ያለ፣ ጥጉ አንድም ቦታ ያልተሸበሸበ፣ የተገለበጠ ወንበር። በዚህ ሙያ አንድ ጥግ ይሳሳታል፤ ወንበሩን በሙሉ የሳተ ሰው ግን አላውቅም። ነርሷ ፊቴን አይተው አልተቆጡም፤ «ማን ሞተብሽ?» ነው ያሉኝ። ማንም አልሞተም አልኳቸው። ታዲያ ይቺ ሴትዮ ምን ሆናለች በሚል አስተያየት እያዩኝ ወጡ።

ጩጬን ማግኘት ነበረብኝ። ስልክ ስደውል አያነሳም፤ ስለዚህ ማስተማሪያው ጋ ሄጄ መኪናው ሲነሳ የኋላውን በር ከፍቼ ገባሁ። መሪ የያዘችው ተማሪ አንዲት ፋርማሲስት ናት፤ መሪውን እንደ ሕፃን ነው የታቀፈችው። ጩጬ ከጎኗ፣ እግሩ ሁለተኛው ፍሬን ላይ። በመስታወት አየኝና ሳይዞር፣ «አለቃ፣ በዚህ ዕድሜሽ መንጃ ፈቃድ አማረሽ?» አለኝ።

ስምህን ለማን ነው ያዋስከው አልኩት። እሱ ለተማሪዋ ማርሽ ቀይሪ አላት። እኔ ደግሜ ጠየቅሁት። አደባባዩን ዙሪ አላት። ምስኪኗ አንዴ እሱን አንዴ እኔን በመስታወት እያየች ዞረች፤ ደግማ ዞረች። መውጫውን ሁለታችንም አላሳየናትም።

ጩጬ መጨረሻ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ። ቤቱን እንደማልፈልገው አንቺም ታውቂያለሽ አለኝ። እትዬ ድርሻህን ስጠኝ ስትለኝ ሳቅሁባት አለ። ከዚያ ያለውን ቃል በቃል ልጻፍልሽ፣ ምክንያቱም ከሁሉም ውስጤ የቀረው እሱ ነው።

«እሷ መለመን ታውቃለች? ታዛለች እንጂ መቼ ትለምናለች። ያን ቀን ግን ለመነችኝ። ስትለምነኝ ደነገጥኩ፤ ደንግጬ ፈረምኩ።»

ለምን እኔን አልለመነችም አልኩት። ለተማሪዋ በዚህ ውጪ አላት። ለምን በፍርድ ቤት አልኩት። «እንድትሰጠኝ ከምለምናት ቢፈረድልኝ ይሻላል» ነው ያለችው፣ ሌላውን አትጠይቂኝ፣ አስምላኛለች አለኝ። አደባባዩን ወጥተን ቀጥ ያለ ባዶ መንገድ ላይ ነበርን፤ ተማሪዋም በአቅሟ ደህና እየነዳች ነበር። እንዲያው ለወግ ያህል፣ ሌላ የምለው ጠፍቶኝ፣ ስለ ባለቤትሽ ጠየቅሁት። «ጋሼስ ደህና ነው?» አልኩት።

ፍሬኑን ረገጠው።

ሁላችንም ወደ ፊት ተወረወርን። ፋርማሲስቷ እጇን ከመሪው አንሥታ «ምን አደረግሁ?» አለች። «ምንም፣ ድመት መስሎኝ ነው» አላት። መንገዱ ላይ ድመት አልነበረም። ጩጬ ወደ መስታወቱ አላየም፣ እኔም ከዚያ በኋላ አንድም ነገር አልጠየቅሁትም። መገንጠያው ላይ ሲያወርደኝ ግን፣ ከስንት ዘመን በኋላ፣ ወጥቶ በሩን ከፈተልኝ።

እንግዲህ መጨረሻ የተመታው ሚስማር ይህ ነው፤ ያኔ «ባልም ቤትም አለኝ» ያልሽው።

ያናደደኝን ሳልደብቅ ልንገርሽ፣ ሆድ ይፍጀው ብዬ ብተወው ፊትሽ ላይ ይፈነዳል። ያናደደኝ ክሱ አይደለም። በየደብዳቤሽ መጨረሻ «ጠበቃሽ ምን አለች?» ትይኝ ነበር። እኔም ለሚያዝንልኝ ሰው የምጽፍ መስሎኝ በዝርዝር እጽፍልሽ ነበር። ዳኛዋ በሚስጥር የምትጠይቀኝን ሁሉ አንቺ አስቀድመሽ ሰማሽው። ለከሳሹ እንደኔ ገመናውን ዘርግፎ የሰጠ ሰው ካለ ልየው። ደግሞ ያንን ሐሳብ አምነሽኝ ነው የጻፍሽው፤ ላይኛውን እለቃለሁ ስላልኩ ላይኛውን ብቻ ጠየቅሽ። ከዚያ አላለፍሽም። ይህን ሳስብ ንዴቴ መሀል መንገድ ላይ ይቆምብኛል፤ ወደ ፊትም ወደ ኋላም አይሄድም።

ትናንት ለመጨረሻ ዝግጅት ጠበቃዬ ጋ ነበርኩ። የሚሆነውን ነገረችኝ። ዳኛዋ ሁለቱን ወገን ለየብቻ ክፍል ታስገባለች፤ እሷ በመካከል እየተመላለሰች የአንዱን ቃል ለሌላው ታደርሳለች። ተከራካሪዎች ፊት ለፊት ሲተያዩ ይብሳል ብላ ነው። ጠበቃዬ አቋሜን ልታስጠናኝ ፈለገች። ላይኛውን ወዲያው እንዳልለቅ፣ መጀመሪያ እምቢ እንድል፣ ከዚያ በትንሽ በትንሹ እንድሰጥ፣ ይህ አሠራሩ ነው አለችኝ። ትክክል ናት፣ ሙያዋ ነው። እኔ ግን አልመለስኩላትም። የወሰንኩትን ለእሷ ገና አልነገርኳትም። እንደ ልማዴ መጀመሪያ ለአንቺ ልንገርሽ።

የኋለኛው ክፍል ያንቺ ነው። ጠበቆቹ በፈለጉት ቃል ይጻፉት። መስኮቱ ሲከፈት ይንቋቋ ስለነበር ማጠፊያውን አስቀይሬዋለሁ፤ ፍራሹንም ፈትቼ እንደገና ሠርቼዋለሁ፣ ለወገብሽ ጠንከር አድርጌ። ይህን ያደረግሁት ተናድጄ ነው፤ ሚስማር ስመታ ምን እያልኩ እንደነበር ባትሰሚ ይሻላል።

እኔ ጓዳ አላድርም። እንደ ድመት ያልሽኝ ይበቃል። ከፊት ለፊትሽ ባለው ክፍል ነው የማድረው፣ ታንኮራፊ እንደሆነ እሰማለሁ፣ አንቺም ትሰሚኛለሽ።

መዶሻውን ከሰዓት በኋላ አላቆምም። የምሠራበት ብርሃን የሚገባው ያን ጊዜ ነው። ያ የከሰዓት ራስ ምታትሽ ሲነሳ ጆሮሽ ውስጥ ጥጥ አድርጊ፤ ጥጥ ታች ሞልቷል።

ሱቁ ግን እጄ መሥራት እስኪያቆም ድረስ የኔ እንደሆነ በዳኛዋ ፊት ይባል። በአንቺም፣ በጩጬም፣ በጩጬ ሚስትም ስም። እዚህ ላይ አንዲት ክር አልለቅም። ይህ ካልሆነ ወደ ፈራጁ ዳኛ እንመለሳለን፣ ቤቱም ይሸጥ፤ ያኔ ሁለታችንም መንገድ ላይ ነን። አየሽ፣ «እኔ» ሳይሆን «ሁለታችንም» ነው ያልኩት።

ጠበቃዬን የለመንኳት አንድ ነገር ብቻ ነው። ሁለት ክፍል ከመግባታችን በፊት፣ መጀመሪያ አንድ ክፍል እንድንቀመጥ ዳኛዋን ትጠይቅልኝ። አልወደደችውም፤ ክዳኗን አኝካ አኝካ በመጨረሻ እሺ አለች። ዳኛዋ መጀመሪያ የምትጠይቀው ከሳሽን ነው። ጩጬን አልፋ አንቺን «ምን ትፈልጊያለሽ?» ትልሻለች። ያኔ ወደ ጠበቃው አትዪ፤ እሱ ስለ ድርሻና ስለ ደረጃ መብት ይናገራል። ወደ ጩጬም አትዪ፤ እሱ ድመት ይፈልጋል። ወደ እኔ ዙሪና «ማደሪያ» በይኝ። አንድ ቃል ናት። ለምን እንዳስፈለገሽ አልጠይቅሽም፤ ዳኛዋም እንዳትጠይቅሽ እኔ ቶሎ እመልሳለሁ። እሺ ለማለት የማማክረው ሰው የለኝም።

መንገዱን ያቅናልሽ፤ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ ከክፉ ዓይንና ከቀዝቃዛ ወለል ይሰውርሽ። ስትመጪ ያለሽን ዕቃ ሁሉ ይዘሽ ነይ፤ ለጉባኤ ብቻ እንደመጣ ሰው በአንድ ቦርሳ እንዳትመጪብኝ።

ተከሳሽሽ፣

ታናሽ እህትሽ